ስካን ያላየውን ማከም፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚያገረሽ የፕሮስቴት ካንሰር

ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው በየጥቂት ወሩ ከላቦራቶሪ ይዞት የሚመለሰው ወረቀት አንድ የሚያሳስት ነገር አለበት። ከፒኤስኤ (በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን) ውጤቱ ጎን «ጤናማ መጠን፦ ከ0 እስከ 4» የሚል ታትሞበታል። ውጤቱ 0.8 የሆነ ሰው ይህን አይቶ እፎይ ይላል፤ ወረቀቱን የሚያነብለትም «ኖርማል ነው» ሊለው ይችላል። ያ መለኪያ ግን የወጣው ፕሮስቴቱ በቦታው ላለ ሰው ነው። ፒኤስኤን ከሞላ ጎደል የሚያመነጩት የፕሮስቴት ሕዋሳት ብቻ ናቸው፤ ጤነኞቹም፣ ካንሰር የሆኑትም። በደም ውስጥ ያለው መጠን በሁለት በሦስት ቀን በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ዕጢው በሙሉ ወጥቶ ስድስት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ መሣሪያው የሚለካው ነገር ሊኖር አይገባም። ፕሮስቴት ለሌለው ሰው 0.8 ማለት የሆነ ቦታ ላይ በሕይወት ያሉ የፕሮስቴት ሕዋሳት አሉ ማለት ነው። አልፎ አልፎ ከቀዶ ሕክምናው የተረፈ ጤነኛ ቁራጭ ትንሽ ፒኤስኤ ሊያፈልቅ ይችላል፤ የእሱ ቁጥር ግን ባለበት ይረጋል እንጂ አይወጣም። አብዛኞቹ ሐኪሞች ካንሰሩ አገርሽቷል የሚሉት ቁጥሩ 0.2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ደርሶ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ነው።

ግራ የሚያጋባው ታማሚው ምንም የሚሰማው ነገር አለመኖሩ ነው። አያመውም፣ ክብደቱ አልቀነሰም፣ ሲቲ ስካኑም የአጥንት ስካኑም ንጹሕ ነው። ያለው ማስረጃ 0.05፣ 0.11፣ 0.23 እያለ የሚወጣ ቁጥር ብቻ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ተነሥቶ አንድ ሰው ለሰባት ሳምንት ያህል በየቀኑ ጨረር ሊሰጠው ይገባል ወይ? ወይስ ሕመሙ ቦታውን እስኪያሳይ መጠበቅ ይሻላል? ከሠላሳ ዓመት በላይ የተጠራቀመው ማስረጃ፣ እኔ እንደማነበው፣ ወደ አንድ ሐሳብ ያመራል። ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሁሉ አስቀድሞ ጨረር መስጠት አያስፈልግም፤ ቁጥሩ መውጣት ከጀመረ በኋላ ግን በስካን እስኪታይ መጠበቅ ስሕተት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ቀላል ይመስላሉ። በተግባር ግን የመጀመሪያውን የሰሙ ብዙ ሰዎች ሁለተኛውን ይዘነጉታል።

የሚያገረሽበት ሰው ጥቂት አይደለም። እንደ ካንሰሩ ጠባይና እንደ ክትትሉ ርዝመት ቢለያይም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሦስት ሰው አንዱን የሚጠጋው ውሎ አድሮ ፒኤስኤው ይወጣል። ያለ ሕክምና ቢተውስ ምን ይከተላል ለሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች በ1999 ያወጡት ጥናት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 1,997 ወንዶች 315ቱ ፒኤስኤያቸው ተመለሰ። ከእነዚህ ውስጥ ሕመሙ እስኪሠራጭ ድረስ ምንም ሕክምና ሳያገኙ የተከታተሏቸው 304 ነበሩ፤ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጨው በ34 በመቶዎቹ ነው። ፒኤስኤው ከወጣበት ቀን አንሥቶ እስከ ሥርጭቱ ያለው ጊዜ መካከለኛው 8 ዓመት፣ ከሥርጭት እስከ ሞት ደግሞ 5 ዓመት ሆኖ ተገኘ። አንዱ አንባቢ ይህን አይቶ «ስምንት ዓመት! ምን ያስቸኩላል?» ይላል። ሌላው ግን በዕድሜው ሃምሳ አምስት ለሆነ ሰው ስምንትና አምስት ተደምሮ የሚያደርሰው ስልሳ ስምንት ላይ ብቻ መሆኑን ያያል። ከጥናቱ የተገኘው ጠቃሚው ነገር ሰዎቹን እርስ በርስ የሚለየው ነው። ቁጥሩ በፍጥነት የሚባዛበት፣ ከቀዶ ሕክምናው ብዙም ሳይቆይ የተመለሰበትና በፓቶሎጂ የግሊሰን ነጥቡ (የካንሰሩን ጠበኝነት የሚያሳየው) ከ8 እስከ 10 የሆነ ሰው፣ ቁጥሩ በዓመታት አንዴ ብቻ እጥፍ ከሚሆንበት ሰው ጋር አንድ በሽታ አለባቸው ማለት ያስቸግራል።

ቀድሞ የነበረው መፍትሔ ቁጥሩን አለመጠበቅ ነበር። ካንሰሩ የፕሮስቴቱን ሽፋን አልፎ ከተገኘ፣ ወይም የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ የካንሰር ሕዋስ ከታየ፣ ፒኤስኤው ዜሮ ቢሆንም እንኳ በጥቂት ወራት ውስጥ ጨረር ይሰጥ ነበር። የአሜሪካው ስዎግ 8794፣ የአውሮፓው ኢኦአርቲሲ 22911 እና የጀርመኑ አሮ 96-02 ጥናቶች ሦስቱም ሰዎችን በዕጣ መድበው ሲያወዳድሩ፣ ቶሎ ጨረር ያገኙት ፒኤስኤያቸው የመመለሱ ነገር በግልጽ ቀነሰ። የአሜሪካው 425 ሰዎች ብቻ የነበሩበት ቢሆንም በዕድሜ ርዝመት ላይ ሳይቀር ልዩነት አሳየ። እንዲህ ከሆነ ለምን ተተወ? መልሱ ያለው ጨረር ባልተሰጣቸው ወገኖች ላይ በሆነው ነገር ነው። በአሜሪካው ጥናት ሳይታከሙ እንዲጠብቁ ከተመደቡት ውስጥ ቆይቶ ጨረር ያገኘው አንድ ሦስተኛው ያህሉ ብቻ ነበር፤ ያገኙትም በዛሬው መለኪያ ዘግይተው ነው። ጥናቶቹ ያወዳደሩት ቶሎ የተሰጠን ጨረር ከዘገየ ወይም ጨርሶ ካልተሰጠ ጨረር ጋር ነበር። ቁጥሩ ገና ጭላንጭል ሳለ ሊሰጥ ከሚችለው ጋር አላወዳደሩትም። የዚያን ዘመን ምርመራም እንደዛሬው ረቂቅ መጠን አይለካም ነበርና ሐኪሞቹን መውቀስ አይገባም።

ትክክለኛው ውድድር የመጣው በ2020 ነው። ራዲካልስ የተባለው ጥናት ከብሪታንያ፣ ከዴንማርክ፣ ከካናዳና ከአየርላንድ 1,396 ሰዎችን፣ የፈረንሳዩ ጌቱግ-አፉ 17 424 ሰዎችን፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንዱ ሬቭስ 333 ሰዎችን ይዘው ወጡ። ግማሾቹ ወዲያው ጨረር ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ በፒኤስኤ እየተጠበቁ ቁጥሩ ሲወጣ ብቻ እንዲሰጣቸው ተመደቡ። የጥናቶቹ ባለቤቶች ገና ውጤቱ ሳይታወቅ ተስማምተው የሦስቱም መረጃ በአንድ ላይ እንዲመዘን አደረጉ (አርቲስቲክ የተባለው ይህ ነው)። በድምሩ 2,153 ሰዎች ሲታዩ፣ በአምስተኛው ዓመት ሕመሙ ሳይመለስባቸው የቆዩት ቶሎ ከታከሙት 89 በመቶ፣ ከተጠበቁት 88 በመቶ ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል፣ ትንታኔው እስከተሠራበት ቀን ድረስ እንዲጠበቁ ከተመደቡት ውስጥ ጨረር ያስፈለጋቸው 39 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ከጨረሩም ከጉዳቱም ተርፈዋል። በራዲካልስ ደግሞ ቶሎ ጨረር የተሰጣቸው ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ሽንት የመቆጣጠር ችግር የባሰባቸው መሆኑ ታይቷል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ከቀዶ ሕክምናው ገና ያላገገመ ቦታ ላይ ጨረር ሲወርድበት መቼም የቁስሉን መዳን አያፋጥነውም።

እዚህ ላይ ነው የዜናው አወራረድ መሳት የጀመረው። «መጠበቅ ይቻላል» የሚለው ርዕስ ተነበበ፤ የተጠበቀው እንዴት እንደነበረ ግን አልተነበበም። በራዲካልስ ጨረሩ እንዲጀመር የታዘዘው ቁጥሩ 0.1 ሲደርስ ወይም በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሲወጣ ነው፤ በሌሎቹ ሁለት ጥናቶች 0.2 ላይ። ሰዎቹ በቀጠሮ ይመረመሩ ነበር፤ የቀረውም ይፈለግ ነበር። ስለዚህ የ2020ዎቹ ጥናቶች ያረጋገጡት ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ምንም እንደማይቀርበት ነው። 1.5 እስኪደርስ ወይም ወገብ እስኪያም ስለመጠበቅ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሌላም ድንበር አላቸው፦ ካንሰሩ ወደ ንፍፊት የገባባቸው፣ ወይም የግሊሰን ነጥባቸው 8 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ካንሰሩ የዘር ከረጢት ድረስ የዘለቀባቸው ሰዎች በጥናቶቹ ውስጥ ቁጥራቸው ትንሽ ነበር። ለእነዚህ ቶሎ ጨረር መስጠት ዛሬም የሚከራከሩለት ሐኪሞች አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም።

ቁጥሩ ስንት ሳለ መጀመር ይሻላል ለሚለው ብዙ ሰው የያዘው መረጃ በ2016 የወጣው፣ ከአሥር የአሜሪካ ማዕከሎች የተሰበሰበ የ2,460 ሰዎች ታሪክ ነው። ጨረሩ ሲጀመር ፒኤስኤያቸው እስከ 0.2 ብቻ ከነበሩት በአምስተኛው ዓመት ቁጥሩ ያልተመለሰባቸው 71 በመቶ ነበሩ። ከ0.21 እስከ 0.5 በሆኑት 63፣ እስከ 1 በሆኑት 54፣ እስከ 2 በሆኑት 43፣ ከ2 በላይ በሆኑት 37 በመቶ። ደረጃው እንደ ደረት ላይ ቁልፍ አንድ በአንድ ይወርዳል። ተቃውሞ ግን አለው፣ በደንብም ሊደመጥ ይገባዋል፦ ቶሎ የታከመ ሰው ሰዓቱ ቶሎ ስለሚጀምር ብቻ ረጅም ጊዜ ደኅና የቆየ ይመስላል፤ በተጨማሪም ቁጥሩ 0.1 ሳለ ከታከሙት መካከል ባይታከሙም ምንም የማይሆኑ ይኖራሉ። እውነት ነው። ሰዎችን በዕጣ ለ0.1 እና ለ0.7 መድቦ ያወዳደረ ጥናት ስለሌለ ከእነዚያ መቶኛዎች ውስጥ የተወሰነው የሰዓቱ አቆጣጠር ያመጣው ነው። ሙሉውን ግን በዚህ መግለጽ አይቻልም። በ2023 ከ25,000 በላይ ሰዎችን ይዞ የወጣ ጥናት የለካው የቁጥሩን መመለስ ሳይሆን ሞትን ነው፤ ሰዓቱም ቢሆን የተቆጠረው ለሁሉም ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ ነበር። በእሱም ቢሆን ጨረሩን ቁጥሩ ከ0.25 ካለፈ በኋላ የጀመሩት ሰዎች ቀድመው ከጀመሩት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የሥነ ሕይወቱ አመክንዮም ይኸው ነው። ጨረር የሚያድነው ካንሰሩ በዚያው በወጣው ፕሮስቴት ማረፊያ ላይ ብቻ ያለ ከሆነ ነው፤ እያንዳንዱ የሚጠበቅ ወር ደግሞ ከዚያ አልፎ የመሄጃ ዕድል ይሰጠዋል።

«የማይታይን ነገር እንዴት ትተኩሱበታላችሁ?» የሚለው ጥያቄ የታማሚዎችም የአንዳንድ ሐኪሞችም ጥያቄ ነው፤ ፒኤስኤምኤ የተባለው ፔት ስካን ከመጣ ወዲህ ደግሞ በረታ። ስካኑ ከቀድሞዎቹ እጅግ ይሻላል፤ የካንሰር ሕዋሱን ሽፋን የሚይዝ ራዲዮአክቲቭ ምልክት ስለሚጠቀም የሩዝ ፍሬ የምታህል ንፍፊት ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን በ2019 በካሊፎርኒያ 635 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቁጥሩ ከ0.5 በታች ሲሆን ስካኑ አንድ ነገር ያገኘው በ38 በመቶው ብቻ ነው። በ0.5 እና በ1 መካከል 57፣ በ1 እና በ2 መካከል 84 በመቶ ደረሰ። እንግዲህ «እስኪታይ ልጠብቅ» የሚል ሰው ስካኑ የሚሠራበትን ሰዓት እየጠበቀ ጨረሩ የሚሠራበትን ሰዓት ያሳልፋል። ከላይ ያለውን የመቶኛ ደረጃ ከዚህኛው ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሄዱ ያያል። ስካኑ ቢደረግ ጥሩ ነው፤ ካንሰሩ አጥንት ላይ ወይም ሩቅ ንፍፊት ላይ ከታየ ሕክምናው ይለወጣል። በኤመሪ ዩኒቨርሲቲ 165 ሰዎችን የያዘ ሌላ ዓይነት ፔት ስካን የተጠቀመ ጥናት፣ የጨረሩን ቦታ በስካኑ ያቀኑለት ወገን በሦስተኛው ዓመት 75.5 በመቶው ሳያገረሽበት ሲቆይ ከሌላው ወገን 63 በመቶው መቆየቱን አሳይቷል። ስካኑ ባዶ ሲሆን ግን ባዶነቱ የምሥራች እንጂ የመጠበቂያ ምክንያት አይደለም። ምናልባትም ያለው ካንሰር እዚያው ማረፊያው ላይ፣ ከማየት በታች ሆኖ የተቀመጠ ነው።

ሕክምናው ራሱ ምን ይመስላል? ሰውየው መጀመሪያ ሲቲ ስካን ላይ ይተኛና ቆዳው ላይ እንደ ነጥብ ያሉ ትናንሽ ምልክቶች ይደረግበታል፤ በየቀኑ የሚስተካከለው በእነሱ ነው። ፊኛው በሽንት ሞልቶ አንጀቱ ግን ባዶ መሆን አለበት፤ የሞላ ፊኛ ትንሹን አንጀት ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የተነፋ ፊንጢጣ ደግሞ የሚታከመውን ቦታ ከትናንቱ ያዛውረዋል። ስለዚህ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሽንታቸውን ይዘው ሰዓት የሚያዩ ሽማግሌዎች ይታያሉ፤ ማሽኑ ከዘገየ የሚጨነቁት በካንሰሩ አይደለም። ጨረሩ ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ አያምም። ከሰኞ እስከ ዓርብ 33 ቀን፣ በድምሩ 66 ግሬይ የተለመደ ነው፤ በ20 ቀን የሚያልቅ አወሳሰድም አለ። መጠኑን መጨመር ይረዳ እንደሆነ በስዊዘርላንድ የተመራ ጥናት 64 ግሬይን ከ70 ግሬይ ጋር በ350 ሰዎች ላይ አወዳድሮ፣ ካንሰሩን በመቆጣጠር ልዩነት አጣበት፤ የአንጀት ጉዳቱ ግን በ70ው በዛ። የዘገዩ ጉዳቶች አሉ፦ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ አንዳንዴ ደም መቀላቀል፣ የሽንት ቧንቧ መጥበብ፣ ከቀዶ ሕክምናው የተረፈው የወሲብ አቅም መድከም። ስለዚህ ሽንቱ ገና ያልቆመለት ሰው ቁጥሩ ከፈቀደ ጥቂት ወራት ቢያገግም ይመረጣል። ቁጥሩ ከፈቀደ ነው።

ከልክ በላይ ማከም የሚለው ፍርሃትም ከዚሁ ጋር ይመጣል፤ ለእኔ ከሁሉም ተቃውሞዎች ጠንካራው ይህ ነው። በ2008 የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች 635 ያገረሸባቸው ሰዎችን መርምረው ጨረር ካገኙት መካከል በፕሮስቴት ካንሰር የሚሞተው እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳዩ፤ ጥቅሙ ግን ጎልቶ የታየው ቁጥራቸው ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ እጥፍ በሚሆንባቸው ሰዎች ላይ ነበር፤ ከተመለሰ ከሁለት ዓመት በኋላ የጀመሩትም አልተጠቀሙም። ስለዚህ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ልቡ የደከመ፣ ቁጥሩ በሁለት ዓመት አንዴ እጥፍ የሚሆን ሰው ያለ ጨረር ቢከታተል ማንም ሊወቅሰው አይገባም። የአውሮፓ የሽንት ቧንቧ ሐኪሞች ማኅበርም ቁጥሩ እጥፍ ለመሆን ከአንድ ዓመት በላይ የሚወስድበትንና የግሊሰን ነጥቡ ከ8 በታች የሆነውን ሰው ዝቅተኛ ሥጋት ብሎ ይለየዋል። ችግሩ የሚፈጠረው የዚህ ሽማግሌ ምክር ለሃምሳ ስምንት ዓመቱ ጎልማሳ ሲሰጥ ነው።

በጨረሩ ላይ ቴስቶስትሮንን የሚገታ የሆርሞን ሕክምና የመጨመሩ ነገር ገና የሚታመስ ነው። በአሜሪካ 760 ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ከጨረሩ ጋር ባይካሉታማይድ የተባለውን መድኃኒት ለሁለት ዓመት ሲጨምር፣ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት በሕይወት ያሉት ከ71.3 ወደ 76.3 በመቶ ከፍ አሉ። ከመድኃኒቱ ተጠቃሚዎች 70 በመቶ ያህሉ ግን ጡታቸው አበጠ። ኋላ ሲመረመር ደግሞ ጥቅሙ የወረደው ቁጥራቸው ከፍ ብሎ በነበሩት ላይ እንደሆነ፣ ከ0.6 በታች ለነበሩት ዕድሜ አለመጨመሩ ታየ። ራዲካልስ በ2024 ያወጣው ሌላው ክፍሉም ስድስት ወር ሆርሞን ከምንም ጋር ሲወዳደር ሥርጭትን በመከልከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፤ ሁለት ዓመቱ ግን ከስድስት ወሩ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ወገን 1,716 ሰዎች የተመዘኑበት የአሜሪካ ጥናት ለማረፊያው ጨረር አጭር ሆርሞን ሲጨመርበት በአምስተኛው ዓመት ሳይብስባቸው የቆዩትን ከ70.9 ወደ 81.3 በመቶ፣ የዳሌው ንፍፊቶችም ሲጨመሩ ወደ 87.4 በመቶ አደረሰው። የሚጋጭ የሚመስለው ነገር የተለካው ነገር ስለሚለያይ ነው፤ ቁጥርን መግታትና ዕድሜን ማርዘም አንድ አይደሉም። ቴስቶስትሮንን ማጥፋት አጥንትን ያሳሳል፣ ስኳርን ያባብሳል፣ ሰውን ያደክማል። ቶሎ የሚጀምር ሰው ከሚያገኛቸው ጥቅሞች አንዱ ያለ ሆርሞን ሊወጣው የሚችል መሆኑ ነው፤ የቶሎነትን ክርክር ሲያደርጉ ብዙዎች ይህን አያነሡትም።

ይህ ሁሉ በእኛ አገር ሲታይ ሁለት ሰው ፊት ላይ ይመጣል። የመጀመሪያው ከሕመሙ ጋር ሐኪም ቤት የደረሰው ካንሰሩ አጥንት ላይ ከወጣ በኋላ ነው፤ ቀዶ ሕክምናም ስለማይጠቅመው ይህ ዳሰሳ እሱን አይመለከተውም፤ በቁጥር የሚበዛው ግን እሱ ነው። ሁለተኛው ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ ሄዶ ቀዶ ሕክምናውን አድርጎ የተመለሰው ነው። ነቅቶ መጠበቅ የሚባለው ስልት የቆመው ክትትል አለ በሚል መሠረት ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የጨረር ሕክምና ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ፣ በኮባልት መሣሪያ ሲሰጥ የኖረና ወረፋውም በወራት የሚቆጠር ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሊኒየር አክሰለሬተሮች ገብተው ከአዲስ አበባ ውጭም፣ ለምሳሌ ጅማ ላይ፣ ማዕከል ተከፍቷል። ወረፋው ባለበት አገር ግን 0.2 ላይ የተወሰነ ውሳኔ 0.6 ላይ ሊፈጸም ይችላልና፣ እዚህ ለጨረር መመዝገብ የሚገባው ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ከ0.2 በፊት ነው። ከባሕር ማዶ የተመለሰው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የመውጫ ወረቀቱን ብቻ ነው። የጨረር ሐኪሙ የሚጠይቀው ግን የፓቶሎጂውን ነው፦ ጠርዙ ንጹሕ ነበር ወይ፣ የዘር ከረጢቱስ፣ ንፍፊቶቹስ ስንት ተነሡ፣ ግሊሰኑ ስንት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የፒኤስኤ ውጤቶቹን ከነቀናቸው፣ የሚቻል ከሆነም ሁሉንም ከአንድ ላቦራቶሪ ያወጣቸውን ይጠይቃል፤ ቁጥሩ በስንት ወር እጥፍ እንደሚሆን የሚሰላው ከእነሱ ነው። ሦስት ውጤት ከነቀናቸው ካሉ ስሌቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከ0 እስከ 4 የሚለውን ኅትመት እያየ ወረቀቶቹን የጣለ ሰው ግን ስሌቱን ከዜሮ ይጀምራል፤ ሦስት ውጤት እስኪሰበሰብ ደግሞ ሌላ ግማሽ ዓመት ይሄዳል።